ኳንተሙ ያለው መለኪያው ውስጥ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የሰው ንቃተ ህሊና ምንጩ ኳንተም ፊዚክስ (የአቶሞችንና ከእነሱ ያነሱ ቅንጣቶችን ጠባይ የሚያጠናው ፊዚክስ) ነው የሚለውን ጽሑፋችሁን አነበብኩት። ጉዳዩ በአማርኛ መነሳቱ መልካም ነው። ቅሬታዬ ጸሐፊው ፊዚክስ ስለ አእምሮ ካለው ሁሉ በጣም አጠራጣሪውን መርጠው፣ ከሰባ ዓመት በላይ ሲፈተን የኖረውን መዝለላቸው ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተጠቀሰው መላ ምት የፊዚክስ ሊቁ የሮጀር ፔንሮዝና የማደንዘዣ ሐኪሙ የስቱዋርት ሃመሮፍ ነው። ሁለቱም የሚናቁ ሰዎች አይደሉም፤ ፔንሮዝ በ2020 በጥቁር ጉድጓድ ሥራቸው የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ሐሳባቸው በአጭሩ ይህ ነው፦ በነርቭ ሕዋስ ውስጥ ማይክሮቲዩቡል የሚባሉ፣ 25 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ያላቸው ውስጣቸው ክፍት የፕሮቲን ዘንጎች አሉ፤ እነዚህ በአንድ ጊዜ በሁለት ሁኔታ የመገኘትን የኳንተም ጠባይ፣ ማለትም ሱፐርፖዚሽንን፣ ይይዛሉ፤ ሱፐርፖዚሽኑ በስበት ምክንያት ሲፈርስ የንቃት ቅጽበት ይፈጠራል።

እንቅፋቱ ሙቀት ነው። በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚተረማመሱ የውኃ ሞለኪውሎችና አዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው አቶሞች) ሱፐርፖዚሽኑን ወዲያው ያፈርሱታል። የፊዚክስ ተመራማሪው ማክስ ቴግማርክ በ2000 ሲያሰላው ዕድሜው ቢበዛ የሰከንድ አንድ አሥር ትሪሊዮንኛ ሆኖ አገኘው። አንድ የነርቭ ምት፣ ማለትም በነርቭ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ምልክት፣ ወደ 1 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ልዩነቱ አሥር ቢሊዮን እጥፍ ነው። ሃመሮፍና ባልደረቦቻቸው «ግምቶቹ የእኛን ሞዴል አይመለከቱም» ብለው በ2002 ስሌቱን ሲያስተካክሉ ከ10 እስከ 100 ማይክሮሰከንድ ደረሱ። የራሳቸውን ቁጥር ብንቀበል እንኳ ከነርቭ ምት አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ያጥራል። በ2020 ደግሞ ጣሊያን ውስጥ በግራን ሳሶ ተራራ ሥር የተደረገ ሙከራ፣ ሱፐርፖዚሽን በስበት ሲፈርስ ይወጣል የተባለውን ጨረር ስላላገኘ የሞዴሉን ቀላሉን ቅርጽ ውድቅ አድርጎታል።

አሁን ወደተዘለለው ልምጣ። የነርቭ ሕዋስ ሽፋን ውፍረቱ 5 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ሕዋሱ ሲያርፍ በውስጡና በውጪው መካከል 70 ሚሊቮልት ያህል ልዩነት አለ። ትንሽ ይመስላል፤ ለ5 ናኖሜትር ሲካፈል ግን በሜትር 14 ሚሊዮን ቮልት ይወጣዋል። አየር 3 ሚሊዮን ገደማ ላይ ብልጭታ ያወጣል። ይህ ቮልቴጅ ከየት መጣ? ፖታሲየም በሕዋሱ ውስጥ በሊትር 140 ሚሊሞል፣ ውጪ 4 ያህል ነው። ይህን የመጠን ልዩነት ወደ ቮልቴጅ የሚቀይረው የኔርንስት ቀመር በሰውነት ሙቀት 61.5 ሚሊቮልትን በ4/140 ሎጋሪዝም ማባዛት ነው፤ ውጤቱ −95 ይሆናል። ለሶዲየም ውጪ 145፣ ውስጥ 12 ብለን ብናሰላ +67 እናገኛለን። ሕዋሱ ሲያርፍ ያለው −70 በሁለቱ መካከል፣ ወደ ፖታሲየሙ ቀርቦ ይገኛል። የነርቭ ምት ማለት የሶዲየም በሮች ሲከፈቱ ቮልቴጁ ወደ ላይኛው ቁጥር መወርወሩ፣ ከዚያ የፖታሲየም በሮች መልሰው ማውረዳቸው ነው። የውጪው ፖታሲየም ከ4 ወደ 8 ቢወጣ −95 የነበረው ወደ −76 ይጠጋል፤ ኩላሊቱ ደክሞ ፖታሲየም የተጠራቀመበት ሰው ልቡና ጡንቻው የሚታወከው ከዚህ የተነሣ ነው።

እንግሊዛውያኑ ተመራማሪዎች አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ ይህን በ1952 በሒሳብ አሰፈሩት። የተጠቀሙት ስኩዊድ የተባለ የባሕር እንስሳ የነርቭ ዘንግ ነበር፤ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ስለሚወፍር ሽቦ በርዝመቱ ማስገባት ይቻላል። ሃክስሊ በእጅ በሚዞር የስሌት ማሽን ያገኘው የምቱ ፍጥነት በሰከንድ 18.8 ሜትር፣ በሙከራ የተለካው 21.2 ነበር። በቀመራቸው ውስጥ ኳንተም የለም። «አዮኖቹና ፕሮቲኖቹስ ከሥራቸው ኳንተም አይደሉም ወይ?» የሚል ይኖራል። ናቸው፤ በዚህ አነጋገር ግን ድንጋይም ኳንተም ነው።

ስለ ትውስታም ፊዚክስ የሚለው አለው። የፊዚክስ ሊቁ ጆን ሆፕፊልድ በ1982 ያቀረበው የነርቭ አውታር ሞዴል ከመግነጢስ ፊዚክስ የተወሰደ ነው፤ በ2024 ከጄፍሪ ሂንተን ጋር የፊዚክስ ኖቤል አስገኝቶለታል። እያንዳንዱ ትውስታ በኃይል መልክዓ ምድር ላይ ያለ ቆላ ነው፤ የተቆራረጠ ፍንጭ ሲሰጠው አውታሩ ውኃ ወደ ታች እንደሚወርድ ወደ ሙሉው ትውስታ ይወርዳል። አቅሙም ይታወቃል፤ በዘፈቀደ ለተመረጡ ትውስታዎች ከሕዋሶቹ ቁጥር 0.138 እጥፍ ገደማ ነው። ለ1,000 ሕዋስ 138 ትውስታ ማለት ነው። ከዚያ ሲያልፍ የሚጠፋው የመጨረሻው ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ይደበላለቃል። እውነተኛው አንጎል የሞዴሉን ያህል የተስተካከለ ሽቦ የለውም፤ ቢሆንም ለሙከራ የሚቀርብ ጥያቄ ሰጥቶናል።

ኳንተም በእርግጥ የሚሠራው መለኪያው ላይ ነው። የአንጎልን መግነጢሳዊ መስክ የሚለኩት ዳሳሾች ብዙዎቹ በ−269 ዲግሪ ፈሳሽ ሂሊየም የሚቀዘቅዙ ሱፐርኮንዳክተሮች (ኤሌክትሪክን ያለ ተቃውሞ የሚያሳልፉ ቁሶች) ናቸው። የሚለኩት 100 ፌምቶቴስላ ገደማ፣ ከምድር መስክ በመቶ ሚሊዮኖች እጥፍ የሚያንስ ነው፤ በአጠገቡ ያለ አሳንሰር ቢንቀሳቀስ ልኬቱ ይበላሻል፤ ክፍሉ በልዩ ብረት የሚሸፈነውም ለዚህ ነው። ኤምአርአይም የሃይድሮጂንን የኳንተም ስፒን ያነባል። ጃፓናዊው ተመራማሪ ሴጂ ኦጋዋ በ1990 ያሳየው፣ የአንጎልን ሥራ በኤምአርአይ የመከታተያ መንገድ የሚመዘግበው ግን የደምን ኦክስጅን ነው። ምልክቱ ከነርቩ ሥራ 5 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይጎላል፤ 3 ሚሊሜትር ጎን ባላት በአንዷ የምስል ኪዩብ ውስጥ ደግሞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሕዋሶች አሉ።

ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት ባለ ቀይ ነጠብጣብ የአንጎል ፎቶ ሥር «ሐሳብ ሲበራ» ተብሏል። ቀዩ ብርሃን ሳይሆን ስታቲስቲክስ ነው። 60,000 ኪዩቦች በ0.001 ገደብ (በአጋጣሚ የመቅላት ዕድላቸው ከሺህ አንድ ሆኖ) ቢፈተኑ 60 ያህሉ በአጋጣሚ ብቻ ይቀላሉ። በ2009 ተመራማሪዎች የሞተ ሳልሞን ዓሣ ኤምአርአይ ውስጥ አስተኝተው የሰዎች ፎቶ «ሲያሳዩት» አንጎሉ ውስጥ ቀይ ነጥብ ታየ፤ ለብዙ ፈተናዎች የሚደረገው እርማት ሲጨመር ጠፋ። ወደፊት እንዲህ ያለ ፎቶ ስታትሙ ስንት ሰው እንደተቃኘ፣ ገደቡ ስንት እንደሆነና እርማቱ መደረጉን ከሥሩ ብትጽፉልን ጥሩ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የፊዚክስ መምህር፣ አዲስ አበባ