ዘፈን በቀጠሮ አይመጣም፦ የሚዲያና ፊልም ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የመጽሔቱ አዘጋጆች ለክበብ ተጠሪ መምህራን የበተኑት ቅጽ ሦስት ሳጥኖች አሉት፦ «ዕቅድ»፣ «ክንውን»፣ «ያጋጠሙ ችግሮች»። የስፖርት ክበብ ተጠሪው ባልደረባዬ ሻዩን ሳይጨርስ ሞልቶ አስረከበ። እኔ ግን የክበባችንን ዓመት በሳጥን ውስጥ መክተት አቃተኝ። ዘንድሮ ከሠራነው ሁሉ ደህናው የተገኘው ዕቅዱ ሲፈርስ ስለሆነ የትኛው በየትኛው ሳጥን እንደሚገባ አላውቅም። ስለዚህ በሐተታ እንድጽፍ ይፈቀድልኝ።

በመስከረም በክበቡ ለመመዝገብ ከተሰለፉት ተማሪዎች አብዛኞቹ የፈለጉት ድራማ መሥራት ነበር፤ በተለይ የሚያስለቅስ ድራማ። ሐሳቡን ያስቀየረችው አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ደብረ ብርሃን ውስጥ በየሠርጉ ድንኳን የሚሰማው አንድ ኪቦርድና ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ብቻ መሆኑን ተናገረች፤ አያቷ ግን እዚያው ድንኳን ጥግ ተቀምጠው ሌላ ዘፈን ለብቻቸው እንደሚያንጎራጉሩ ጨመረች። ያ ሌላ ዘፈን ምንድን ነው? ማን ያውቀዋል? ክርክሩ ሁለት ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ የሰሜን ሸዋን ሙዚቃ የሚያሳይ የሃያ ደቂቃ ያህል ዘጋቢ ፊልም ለመሥራት ተስማማን። ንብረታችንም የተማሪዎችና የመምህራን ስልኮች፣ የአንድ ተማሪ አባት በየዱልን የብረት ማቆሚያ እና በወላጆች ቀን ቡናና ፈንዲሻ ሸጠን ያገኘነው ጥቂት ገንዘብ ነበር።

ተማሪዎቹ በጥቅምት አንድ ሠንጠረዥ አወጡ። ሰኞ አዝማሪ፣ ረቡዕ የአውድማ ዘፈን፣ ዓርብ ፉከራ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሙሾ፣ ከዚያ በገና። የፈተና ፕሮግራም ይመስል ነበር። በዚህ ሠንጠረዥ መሠረት መጀመሪያ የተቀረጹት ከሞረትና ጅሩ ለሕክምና የመጡ የአንድ አባላችን አያት ናቸው። ሳሎን ሶፋ ላይ አስቀመጧቸው፤ መብራት አበሩ፤ «አባባ፣ እስቲ የአውድማውን ይዝፈኑልን» አሏቸው። ሁለት ስንኝ ያህል አወጡና ሳቅ ጀመሩ። በሬ በሌለበት ለማን ነው የምዘፍነው ነው ነገሩ። የአውድማ ዘፈን የሚዘፈነው ለበሬው ነው፤ ሲዞር ያወድሱታል፣ ሲደክም ያባብሉታል፣ ቆም ሲል ይቆጡታል። ዜማው የሚረዝመውና የሚያጥረው በበሬው እርምጃ ነው። ሶፋው ላይ ግን የሚራመድ ነገር አልነበረም። ሽማግሌው ልጆቹን ላለማሳፈር ብለው ጥቂት ቢሞክሩም ቀረጻው ሲታይ የቃል ጥያቄ የሚመልስ ተማሪ ይመስላሉ።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ስለ ሙዚቃ የማውቀው ስለ ሞገድ ከማውቀው አይበልጥም። ቢሆንም የዚያን ቀን ቀረጻ አይተን ስንጨርስ የዓመቱ ሥራችን ምን እንደሆነ ለሁላችንም ግልጽ የሆነልን ይመስለኛል። በዚህ አገር ዘፈን ከሥራው፣ ከበዓሉና ከወቅቱ ተነጥሎ አይጠራም። ሠንጠረዡ ከግድግዳው ወረደና በቦታው ጾሙና በዓሉ የተጻፈበት የቀን መቁጠሪያ ተሰቀለ። ከዚያ በኋላ ፊልሙን የመራው እሱ ነው።

በታኅሣሥ አያትየው ወደሚኖሩበት ቀበሌ ሄድን። ጅሩ ሜዳው ሰፊ፣ መሬቱ ጥቁር ነው፤ ሰንጋው በዓል በደረሰ ቁጥር በአዲስ አበባ ገበያ ስሙ የሚጠራ ነው። አውድማው ላይ ጤፍ ተነጥፎ በሬዎቹ ሲዞሩ፣ ሶፋው ላይ ሁለት ስንኝ ያቃታቸው ሰው እስኪመሽ ድረስ ዘፈኑ። ግጥሙ አለቀ ሲባል የበሬውን ቀንድ፣ ሻኛውን፣ የገዙበትን ገበያ፣ የሸጠላቸውን ሰው ጭምር እያነሱ ይቀጥላሉ። ማንም ዝፈኑ አላላቸውም፤ ካሜራውንም የረሱት መሰለኝ። ከዚያው አጠገብ ስንዴው በኮምባይነር የታጨደ ማሳ ነበር። ኮምባይነር የሚነዳ ሰው ለምንም አይዘፍንም፤ ሊዘፍን ቢፈልግም ከሞተሩ ድምፅ የተነሳ አይሰማም። ልጆቹ ሁለቱን ማሳዎች በአንድ ምስል ውስጥ ቀረጹና ምንም ተራኪ ሳያክሉበት ተዉት። ገበሬው ሥራው በመቅለሉ ደስተኛ ስለሆነ ማዘን ያለበት ማን እንደሆነ ለተመልካች መተው ይሻላል ብለው ነው። እኔም ተስማማሁ።

ስለ ነፋሱ ሳልናገር አላልፍም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ደጋው ሁሉ ነፋስ ነው። የመጀመሪያዎቹ የውጭ ቀረጻዎቻችን ላይ ከሰው ድምፅ ይልቅ የሚሰማው ጉርምርምታ ነበር። በሱቅ የሚሸጠው የማይክሮፎን ጸጉራም ሽፋን ከአቅማችን በላይ ሆነ። የመንዝ ልጅ የሆነ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከቤቱ የበግ ለምድ ቁራጭ አምጥቶ በማይክሮፎኑ ልክ ሰፋው። የመንዝ በግ ጸጉር ባና የሚባለው ብርድ ልብስና ምንጣፍ የሚሠራበት ነው፤ ለነፋስ መከላከያም እንዲህ እንደሚሆን ያየነው ዘንድሮ ነው። ጸጉሩ ነፋሱን በጥቂት በጥቂቱ ስለሚሰብረው ማይክሮፎኑ ላይ ሲደርስ ጉልበት አይኖረውም። ሽፋኑ የበግ ሽታ አለው፤ ስንቀርጽ ውሻ ይከተለናል። ከዚያ ውጪ እንከን አላገኘንበትም።

ጥምቀትን ለመቅረጽ ሁላችንም መሄድ ስላልቻልን ዘመድ ያላቸው አባላት ወደ ምንጃር ሸንኮራ ወረዱ። በኢራንቡቲ 44 ታቦታት በአንድ ስፍራ ያድራሉ፤ ሕዝቡ ተቆጥሮ አይጨረስም። የካህናቱ ወረብ በአንድ በኩል፣ የሰንበት ተማሪዎች መዝሙር በሌላ በኩል፣ ከታቦቱ ኋላ ደግሞ ከየመንደሩ የመጣው ወጣት ጭፈራ። ልጆቹ ይዘውት የመጡት ድምፅ ግን በአብዛኛው የተሰነጠቀ ነበር፤ ስልክ ለጸጥታ ራሱን ከፍ አድርጎ ይጠብቅና እልልታ ሲመጣ ይታመማል። የድምፅ መቀበያውን መጠን አስቀድሞ ዝቅ አድርጎ ማስተካከል እንደሚያስፈልግ ከዚያ በኋላ ሁሉም ያውቃል። ምስሉ ላይ ደግሞ አንድ ጉዳይ አነሳሁ። ጭፈራውን ከወገብ በላይ ብቻ ቀርጸውታል። ትከሻውና አንገቱ ይታያል፤ እግሩ የለም። እስክስታ ትከሻ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ክብ ሠርተው ሲጨፍሩ ክቡን የሚያዞረው እግር ነው።

ምንጃር ለፊልሙ ሌላም ነገር ሰጥቶታል። አፄ ምኒልክ የመኪናን ነገር እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር የላኳቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የምንጃር ተወላጅ ናቸው፤ እዚያው ሳሉ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። ድምፁ በሸክላ የተቀረጸ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘፋኝ ተብለው የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ ጥቂት ኮሩ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እነሱም በኪስ ስልክ ያንኑ ሥራ እየሠሩ ነውና።

ከጥምቀት በኋላ የሠርግ ወቅት ገባ። ሁዳዴ እስኪገባ ድረስ ቅዳሜና እሑድ ሁሉ ድንኳን ነው። ማሲንቆ የሚጫወት አዝማሪ የተጠራበት ሠርግ ማግኘት ግን ቀላል አልሆነም። በተገኘው ሠርግ ላይ የመጀመሪያው ጣጣ መብራቱ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ የተሰቀለው አምፖል በዓይን ሲያዩት ደህና ነው፤ በስልኩ ምስል ላይ ግን ይርገበገባል። ምክንያቱን ክፍል ውስጥ አስተምሬዋለሁ፤ የሰማኝ አልነበረም። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ስልኩ ደግሞ በሴኮንድ 30 ምስል ሊያነሣ ተዘጋጅቶ የተሠራ ነው፤ ሁለቱ አይገጥሙም። ወደ 25 ቀይረን፣ የእያንዳንዱን ምስል የብርሃን ጊዜ የሴኮንድ አንድ ሃምሳኛ ስናደርገው መርገብገቡ ጠፋ። ያን ቀን ካሜራ የያዙት ልጆች በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ፈተና ላይ የተለዋዋጭ ኤሌክትሪክን ጥያቄ ሁሉም መልሰዋል።

አዝማሪው ልጆቹን እንዳየ ማሲንቆውን ወደ እነሱ አዞረና እንዲህ አለ፦

ማሲንቆ ከነድምፁ ቀርጻችሁ ስትሄዱ፣
ቀረጡን ሳትከፍሉ አይከፈት መንገዱ።

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ልጆቹ ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገባቸው፤ የሙሽራው አጎት «ሸልሙ እንጂ!» እያሉ ይጮኻሉ። ከፈንዲሻው ገንዘብ ግንባሩ ላይ ለጥፈው አለፉ። ስንመለስ ግን ጉዳዩ በክበቡ ስብሰባ ላይ በቁም ነገር ተነሣ፦ የምንቀርጻቸው ሰዎች ሊከፈላቸው ይገባል ወይስ አይገባም? አንዳንዶቹ ትምህርት ነው፣ ንግድ አይደለም አሉ። እኔ ከሌሎቹ ጋር ነኝ። አዝማሪ የሚኖረው በዚሁ ነው፤ ሠርገኛው ሲሸልመው ቀራጩ በነጻ የሚወስድበት ምክንያት የለም። ፊልሙ ውስጥ ማሲንቆ ለተጫወቱልን ሁሉ ከፍለናል፤ በመጠኑ ነው እንጂ።

ያ አዝማሪ ሌላም ነገር አሳይቶናል። ከወሎ የመጣ እንግዳ ሲሸልመው ዘፈኑን ሳያቋርጥ ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ ቅኝት ተሻገረለት። ክራር ቢሆን ክሮቹን እንደገና መቃኘት ይጠይቅ ነበር፤ ማሲንቆ ግን ያለው አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ስለሆነ ጣትን ማዛወር ይበቃል። አራቱን ቅኝቶች በቃላቸው ሸምድደው የነበሩት ልጆች ልዩነቱን በጆሯቸው የለዩት ያን ቀን ነው።

ሁዳዴ ሲገባ ማሲንቆው ዝም አለ። አዝማሪውን በመጋቢት ስንፈልገው እስከ ፋሲካ እንደማይጫወት ነገረን። የሚጫወቱም አሉ፤ እሱ ግን አይጫወትም። ወቅቱ የበገና ስለሆነ አሥር አውታር ያለውን በገና የሚደረድሩ አንድ አባት ለቀረጻ ፈቀዱልን። እዚህ ላይ ስልኩ በደላችን። የበገና ድምፅ ንዝረት ያለው በእያንዳንዱ አውታርና አውታሮቹ በሚያርፉበት ብርኩማ መካከል በሚገባው እንዚራ በሚባለው ቁራጭ ቆዳ ምክንያት ነው። የስልኩ ጫጫታ ማጥሪያ ይህን ንዝረት ጫጫታ ነው ብሎ አጠፋው፤ የቀረው ጊታር የመሰለ ነገር ነው። ማጥሪያውን ዘግተን እንደገና ስንቀርጽ ድምፁ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የቀረውን ጾም በኮምፒውተር ክፍል ቅንብር ላይ አሳለፍነው፤ መብራት ሲኖር።

ሙሾን በተመለከተ አልቀረጽንም። ጥቂት አባላት በሙሾ አውራጅነት የታወቁ አንዲት እናት ጋር ሄደው ነበር። እማማም «ሞት በሌለበት ሙሾ አይወጣም፣ ሟርት ነው» ብለው ቡና አጠጥተው መለሷቸው። አንድ ልጅ ለቅሶ ቤት ገብተን እንቅረጽ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ራሱ ሐሳቡን ሳይጨርስ የተወው፣ የማን ለቅሶ የሚል ጥያቄ ከጓደኞቹ ሲመጣ ነው። ፊልሙ ስለ ሙሾ ምንም አይልም፤ መጉደሉን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ፉከራና ሽለላን ያገኘነው ሚያዝያ 27 በሚከበረው የአርበኞች የድል በዓል ላይ ነው። ራስ አበበ አረጋይ ጣሊያንን የተዋጉበት አገር ስለሆነ የአርበኛ ልጅና የልጅ ልጅ ሞልቷል። ከጎፈሩ እስከ ጦሩ ታጥቀው የመጡ አባት ካሜራ ፊት ሲፎክሩ ካሜራውን የያዘችው ልጅ ወደ ኋላ ሸሸች፤ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ይቆረጥ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። እኔ አይቆረጥም አልኩ፤ ፉከራ ሲፎከርበት የማይሸሽ ማን ነው? በመውሊድ የሚዜመውን የአልዩ አምባ መንዙማ ግን አላገኘነውም። መውሊድ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ በ11 ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል፤ ዘንድሮ ክበቡ ተደራጅቶ ሳያበቃ አልፎ ነበር።

ፊልሙ በሰኔ መጀመሪያ በአዳራሻችን ታየ። ቅሬታ የቀረበው ከመንዝ ሰዎች ነው፦ በጋችንን ማይክሮፎን ላይ አልብሳችሁ ዘፈናችንን ተዋችሁት አሉ። እውነት ነው። በሚቀጥለው ዓመት መሐል ሜዳና ሞላሌ ይቀድማሉ። የአውድማው አባትም ከልጅ ልጃቸው ጋር መጥተው ነበር፤ ራሳቸውን ሳይሆን በሬያቸውን በማየታቸው ተደስተው ተመለሱ። አያቷ ድንኳን ጥግ የሚያንጎራጉሩት ተማሪ የጀመረችው ጥያቄ ግን ሙሉ መልስ አላገኘም፤ የአያቷን ዘፈን ያወቀው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው፣ እሳቸውም ግማሹን።

ጥሬ ቀረጻው ሁሉ በቤተ መጻሕፍቱ ሃርድ ዲስክ ላይ ተቀምጧል፤ አንድ ሰዓት ምስል 8 ጊጋባይት ያህል ስለሚይዝ ዲስኩ እየሞላ ነው፤ ርእሰ መምህሩ ይህን እንዲያነቡ እፈልጋለሁ። ቡሄ ነሐሴ 13 ስለሚውል ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ሆያ ሆዬንና የጅራፉን ጩኸት በክበብ ደረጃ መቅረጽ አንችልም። ስለዚህ ለክረምት ወደ ገጠር የምትሄዱ አባላት በየአገራችሁ ቅረጹ፤ ከመቅረጻችሁ በፊት ልጆቹንም ወላጆቻቸውንም አስፈቅዱ፤ ስልኩን አግድም ያዙ፤ እግራቸውም ይታይ። የቀረጻችሁትን በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ለኮምፒውተር ክፍል ኃላፊው አስረክቡ።