«ራጁ ምንም አያሳይም» ከተባለ በኋላ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

እግሩ ወለም ብሎት ወይም ከባድ ነገር ወድቆበት ወደ ሕክምና የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ይገጥመዋል፤ ወይ ማንም እግሩን ሳይዳስሰው ራጅ ይታዘዝለታል፣ ወይ ደግሞ ራጁ ስብራት ስላላሳየ ብቻ ደህና ነህ ተብሎ ይሸኛል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው።

ለመጀመሪያው መላ ከተገኘለት ቆይቷል። በካናዳ ኦታዋ ከተማ የድንገተኛ ሕክምና ሐኪሙ ኢያን ስቲልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ይፋ ያደረጉት መመሪያ እንደሚለው፣ የእግሩ አጋማሽ (በቁርጭምጭሚቱና በጣቶቹ መካከል ያለው ክፍል) ለሚያመው ሰው ራጅ የሚያስፈልገው በውጭ በኩል ጎላ ብሎ የሚዳሰሰው የትንሿ ጣት ረጅም አጥንት መነሻ ወይም በውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ያለው ናቪኩላር የተባለው አጥንት ሲጫኑት ካመመው፣ አለዚያም ጉዳቱ እንደደረሰበትም ሲመረመርም በሁለቱም ጊዜ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ነው፤ እያነከሰም ቢሆን ከተራመደ እንደቻለ ይቆጠራል። በስኳር ሕመም እግሩ ለደነዘዘ ወይም ለሰከረ ሰው ግን ይህ መለኪያ አይሠራም፤ አላመመኝም ማለቱ ማስረጃ አይሆንምና።

ወደ ሁለተኛው ስመለስ፣ የእግርን አጋማሽ አጥንቶች አስተሳስሮ የሚይዘውና በፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም በሊስፍራንክ ስም የሚጠራው ጅማት ሲበጠስ፣ በአጥንቶቹ መካከል የሚፈጠረው ክፍተት ጎልቶ የሚታየው የሰውነት ክብደት ሲያርፍባቸው ነው። ታካሚው ተኝቶ የተነሣው ራጅ ይህን ክፍተት ሊደብቀው ይችላል። በተለይ ውስጥ እግሩ የበለዘ ሰው እንደ ተራ ወለምታ ታይቶ መሸኘት የለበትም። ራጁን ቆሞ ይነሣ፤ ለማነጻጸር ጤነኛው እግርም አብሮ ቢነሣ ይመረጣል። ሕመሙ አላስቆም ካለው ሲቲ ስካን ጥቃቅን ስብራቶችን፣ ኤምአርአይ ደግሞ ጅማቱን ራሱን ያሳያል። (ከከፍታ ወድቆ ተረከዙ ለተሰበረም ሲቲ ስካን ተገቢ ነው፤ ወገቡም አብሮ ሊታይ ይገባል።)

በራጅ ማዘዣው ላይ «ቆሞ ይነሣ» ብሎ መጻፍ አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም። ታካሚውም ቀናት አልፈው እግሩን መርገጥ ካቃተው፣ የመጀመሪያው ራጅ ምንም አላሳየም ብሎ ሳይቀመጥ ተመልሶ ይታይ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ