ከሰዓት ይዘንባል ወይ? የአየር ሁኔታ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ሥራ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። አባላቱ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ናቸው። ንብረታችን አንድ ቴርሞሜትር፣ አንገቱ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስና አንድ ደብተር ነው። የነፋሱን አቅጣጫ ጠዋት ሰልፍ ላይ ከባንዲራው እናነባለን። ባንዲራው ወደ ምዕራብ ከተውለበለበ ነፋሱ የምሥራቅ ነው፤ ነፋስ የሚጠራው በመጣበት በኩል ነውና። ይህቺ ነገር ብዙዎቹን እስከ ገና አወዛግባለች።

ገና በመጀመሪያው ስብሰባ አንዱ ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ስልክ ላይ አለ አይደል እንዴ? ለምን እንለፋለን?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ስልኩ «አዲስ አበባ» ብሎ አንድ ቁጥር ይሰጣል እንጂ ከተማዋ አንድ ዓይነት አየር የላትም። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እኛ ያለንበት የቱሉ ዲምቱ አካባቢ ደግሞ ወደ 2,200 ሜትር ግድም ነው። 1,000 ሜትር ከፍ ባሉ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። ስለዚህ እንጦጦ ላይ ጋቢ ሲያስፈልግ እዚህ በሸሚዝ ይኬዳል። ዝናቡም እንደዚያው ነው፤ መገናኛ ላይ ዶፍ ሲወርድ እኛ ጋ ጠብ አይልም።

ቴርሞሜትሩን ልጆቹ መጀመሪያ የሰቀሉት ፀሐይ የሚመታው ቆርቆሮ ላይ ነበር። በረሃ የገባን መሰለን! ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር የሚለካው አየሩን ሳይሆን ራሱን ነው። አሁን ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ ተሰቅሏል።

ታኅሣሥ ላይ ሁሉም የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ቀን ፀሐዩ እንዲያ እያቃጠለ ሌሊቱ ለምን ውርጭ ይሆናል? መሬት ቀን የወሰደችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ትለቃለች። ደመና ቢኖር ከፊሉን ተቀብሎ ይመልሰው ነበር። በበጋ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ አየሩም ደረቅ ነው፤ ሙቀቱ ዝም ብሎ ያመልጣል። ነፋስ ከሌለ ደግሞ ይብሳል። ስለ ወቅቶችም ጥሩ ክርክር ነበረን። ልጆቹ የሚያውቁት መፀው፣ በጋ፣ ፀደይ፣ ክረምት የሚለውን ነው። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ግን የአገራችንን ዓመት በሦስት ይከፍሉታል፦ በጋ፣ በልግና ክረምት። ክርክሩ በሚኒ ሚዲያ ሳይቀር ቀጥሏል።

የዓመቱ ምርጥ ሳምንት ግን ሚያዝያ ላይ መጣ። ሰኞና ማክሰኞ ጠዋቱ ጥርት ብሎ ዋለ፤ እኩለ ቀን ላይ ነጫጭ የደመና ክምሮች ብቅ አሉና ማታ ጠፉ። ረቡዕ የጥበቃው አባባ በር ላይ ሆነው፣ «ልጆቼ፣ ፀሐይዋ እንዲህ ካረረች ከሰዓት አይቀርም» አሏቸው። ልክ ናቸው። በልግ ላይ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል እርጥበት ይመጣል። ጠዋት የጋለው መሬት ያንን እርጥብ አየር ያሞቀውና ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል። ለዚህ ነው ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት የሚመጣው።

9 ሰዓት ገደማ ሰማዩ ጠቆረ። መብረቁን አይተን ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ ቆጠርን። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ቁጥሩ ማነስ ሲጀምር ሁሉንም ወደ ክፍል አስገባኋቸው። አንዷ ቀይ ሹራቧን አውልቃ ደበቀች፤ መብረቅ ቀይ ይወዳል ተብላ ነው። መብረቅ ለቀለም ግድ የለውም። የሚያሰጋው ሜዳ ላይ መቆምና ዛፍ ሥር መጠለል ነው።

ከዚያ በረዶው ወረደ። ጣሪያው ላይ ሲንኳኳ መደማመጥ አልቻልንም። ሲያባራ አንድ ልጅ ትልቁን መርጦ አመጣና በማስመሪያ ጠርዝ ሰነጠቅነው። ውስጡ እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ነው፦ አንድ ነጭ፣ አንድ ብርሃን የሚያስተላልፍ፣ እንደገና ነጭ። ወደ ላይ የሚገፋው ኃይለኛ አየር ጠብታውን ደመናው ውስጥ ተሸክሞ ሲያቆየው ውሃ እየደረበ በረዶ ይሆናል። በእኛ የምድር ክፍል ውሃ በረዶ የሚሆንበት ከፍታ ከባሕር ወለል ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ገደማ ነው። እኛ ግማሽ መንገድ ላይ ነን ማለት ይቻላል። ቆላ ቢሆን ብዙው ሳይደርስ ይቀልጥ ነበር፤ እኛ ጋ ግን ጊዜ የለውም።

ሐሙስ ጠዋት ጭጋግ ነበር። መሬቱ ረጥቧል፣ ሌሊቱ ጠርቷል፣ ነፋስ የለም፤ ሌላ ምን ይጠበቃል? ልጆቹ እኔ ሳልናገር ምክንያቱን ተናገሩት። 3 ሰዓት ላይ ጠርሙሱን አነበብን፦ 21 ሚሊ ሜትር። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። የ8ኛ ክፍል ልጆች ወዲያው የክፍላቸውን ጣሪያ ለኩ፤ 8 ሜትር በ7 ሜትር። ሲያባዙት ከ1,100 ሊትር በላይ መጣ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ከአንድ ክፍል ጣሪያ ብቻ አንድ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሞልቶ ይተርፋል! አሸንዳ ይሠራልን የሚል ማመልከቻ በዚያው ቀን ጽፈው ለርዕሰ መምህሩ አስገቡ። «እናያለን» ተብለዋል።

ዓርብ ምንም የለም። ደብተሩ ላይ «ደመናማ፣ ዝናብ 0» ይላል። ዜሮም ይጻፋል ብዬ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቄአለሁ።

ሰኔ ላይ 8ኛዎቹ ለሚኒስትሪ ፈተና ሲሉ ቀሩ፤ አልፈርድባቸውም። ትልቁ ችግራችን ሌላ ነው። የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ ከግማሽ በላይ የሚወርደው በክረምት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። የዘንድሮ ደብተራችን ዋናው ምዕራፍ ይጎድለዋል ማለት ነው። ስለዚህ አጠገብ የሚኖሩ የ6ኛና የ7ኛ ክፍል አባላት በየተራ ጠዋት እየመጡ ጠርሙሱን ሊያነቡ ተስማምተዋል። የተራ ዝርዝሩና ደብተሩ ጥበቃ ቤት አባባ ጋ ተቀምጠዋል። መመዝገብ የምትፈልጉ እዚያው ጠይቁ፤ እስክሪብቶ ግን ይዛችሁ ኑ።