ለፉትቦል በተፈረመ ውል ሌሎች ቡድኖች አገር እያቋረጡ ስለመጓዛቸው የቀረበ ቅሬታ

ኦክቶበር 2025

ለዩኒቨርሲቲው የስፖርት ክፍል ዳይሬክተር
ግልባጭ፦ በስፖርት ጉዳይ ለመምህራን ተወካይ

ጉዳዩ፦ የኮንፈረንስ (ዩኒቨርሲቲዎች እርስ በርስ የሚወዳደሩበት ማኅበር) ለውጡ «ኦሎምፒክ» በሚባሉት፣ ከፉትቦልና ከቅርጫት ኳስ ውጭ ባሉት የስፖርት ቡድኖች ላይ ስላደረሰው ጫና

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በመረብ ኳስ፣ በሶፍትቦል (ቤዝቦልን በሚመስለው የሴቶች ጨዋታ) እና በአትሌቲክስ ቡድኖቻችሁ ውስጥ ልጆች ያሉን ወላጆች ነን። የእንግሊዝኛው ቅጂ ለብቻው ተልኮላችኋል፤ ይህኛው ጉዳዩን በአማርኛ ለሚከታተሉ ቤተሰቦችም እንዲደርስ የተዘጋጀ ነው። ዓመቶቹም ሰዓቶቹም በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው።

ለአሜሪካ ፉትቦል የቴሌቪዥን ገንዘብ ሲባል ከምዕራብ ዳርቻው ኮንፈረንስ ከፓክ-12 ወጥታችሁ ምሥራቅ ዳርቻ ድረስ ወደተዘረጋው ኮንፈረንስ ወደ ቢግ ቴን ገብታችኋል። ከፉትቦሉ ገንዘብ ጋር ምንም ጉዳይ የሌላቸው ቡድኖችም አብረው ተወሰዱ። የስፖርት ክፍሉ ግን እነሱን ለዚህ ጉዞ የሚያስችል ዝግጅት አላደረገም። የምንቃወመው ይህንን ነው።

ነገሩ የተጀመረው የሎስ አንጀለሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ወደ ቢግ ቴን እንደሚሄዱ ባስታወቁበት በጁን 30 ቀን 2022 ነው። በጁላይ 2023 ኮሎራዶ ቢግ 12 ወደተባለው ሌላ ኮንፈረንስ እንደሚሄድ አስታወቀ። ኦገስት 4 ቀን ደግሞ በአንድ ጀምበር አምስት ዩኒቨርሲቲዎች ለቀቁ፤ ኦሪገንና ዋሽንግተን ወደ ቢግ ቴን፣ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ወደ ቢግ 12 ሄዱ። ሴፕቴምበር 1 ቀን ስታንፎርድና ካል (በርክሊ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ወደ አትላንቲክ ዳርቻው ኮንፈረንስ ወደ ኤሲሲ ገቡ። ከ1915 ጀምሮ የቆየው የምዕራቡ ማኅበር በኦሪገን ስቴትና በዋሽንግተን ስቴት ብቻ ቀረ። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ቢግ ቴን በኦገስት 2022 ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር የተዋዋለው ለ7 ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን፣ ፓክ-12 የሚወዳደር ውል ማቅረብ አልቻለም።

የስፖርት ክፍሉ ገንዘብ እንደሚያስፈልገው አንክድም። ነገር ግን ፉትቦል የሚጫወተው በሳምንት አንዴ ነው፤ የሚጓዘው በቻርተር አውሮፕላን ነው፤ በቢግ ቴን ከሜዳው ውጭ የሚያደርገው የኮንፈረንስ ጨዋታ በዓመት 4 ወይም 5 ነው። መረብ ኳስ በዚያው ኮንፈረንስ 20 ግጥሚያ አለው፤ ግማሹ በሰው ሜዳ ነው። ሶፍትቦል አንድ ተጋጣሚ ዘንድ ሄዶ ቅዳሜና እሑድን ይዞ ሦስት ጨዋታ ያደርጋል። ውሉ በአንድ ሰው ልክ ተሰፍቶ ለቤተሰቡ ሁሉ እንደታደለ ልብስ ነው።

አንድ የመረብ ኳስ ጉዞ በዝርዝር እንይ። ዓርብ ማታ ኒው ጀርሲ ከሚገኘው ከረትገርስ፣ እሑድ ቀትር ላይ ከሜሪላንድ ጋር ግጥሚያ አለ እንበል። ተጫዋቿ ሐሙስ ንጋት 5፡00 ላይ ትነሳለች። በረራው ብቻ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል፤ ሦስት ሰዓት ደግሞ በሰዓት ልዩነቱ ይጠፋል። ስለዚህ አውሮፕላን ማረፊያውን፣ ሻንጣውንና አውቶቡሱን ጨምሮ ሐሙስ ሙሉ ቀን ባከነ። ዓርብ ትጫወታለች። ቅዳሜ በአውቶቡስ ወደ ሜሪላንድ ትሄዳለች። እሑድ ተጫውታ፣ ፊቷን ታጥባ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ትሮጣለች። መልሱ ነፋሱን ስለሚቃወም ይረዝማል፤ መኝታ ክፍሏ የምትደርሰው እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። ሰኞ 8፡00 ላይ የኬሚስትሪ ላብራቶሪ አለባት።

ከቤት የራቀችው ከ90 ሰዓት በላይ ነው። የአገሪቱን የዩኒቨርሲቲ ስፖርት በሚያስተዳድረው በኤንሲኤኤ ደንብ መሠረት ግን ስፖርት በሳምንት ከ20 ሰዓት እንዳይበልጥ ሲባል ጉዞ አይቆጠርም፤ የግጥሚያ ቀንም ምንም ያህል ቢረዝም በ3 ሰዓት ብቻ ይመዘገባል። ስለዚህ ያ ሁሉ ጉዞ፣ በመካከሉ የሚደረገው ልምምድ ሳይታከል፣ በመዝገብ ላይ 6 ሰዓት ነው። ክፍላችሁ «ቡድኖቻችን ሁሉ የ20 ሰዓቱን ወሰን ያከብራሉ» ብሎ የሰጠን መልስ እውነት ነው፤ ላነሳነው ጥያቄ ግን መልስ አይሆንም። ደንቡ የተጻፈው ሩቅ የሚባለው ጉዞ ከሲያትል ቱሳን በነበረበት ጊዜ ነው፤ ያም አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ሰዓት ተኩል ወይም የሦስት ሰዓት በረራ ሲሆን፣ የሰዓት ልዩነቱ ቢበዛ አንድ ሰዓት ነበር።

በትምህርት በኩል ያለው ስሌት ከዚህ የከፋ ነው። በኳርተር በሚሰጥ ትምህርት ዘመኑ 10 ሳምንት ነው። ማክሰኞና ሐሙስ የሚሰጥ ኮርስ 20 ክፍለ ጊዜ አለው። ሐሙስ የሚጀመር ጉዞ አራት ጊዜ ከተደረገ ከትምህርቱ አንድ አምስተኛው አመለጠ ማለት ነው። የተቀረጸ ቪዲዮ ሌክቸሩን ሊተካ ይችላል፤ ላብራቶሪን፣ የቡድን ውይይትንና የመምህሩን የምክክር ሰዓት ግን አይተካም። በዚህ ምክንያት ነርሲንግና ምህንድስና የሚፈልጉ ልጆች «ከጉዞው ጋር የሚሄድ» ሌላ ዘርፍ እንዲመርጡ እየተመከሩ ነው። ይህ ምክር ከአሠልጣኝም ሆነ ከአማካሪ መምጣት የለበትም።

ስለ ሯጮች ስናነሳ በሐቅ እንነጋገር፤ የእነሱ ጫና ከመረብ ኳስ ያነሰ ነው። አገር አቋራጭ በኮንፈረንስ ደረጃ ተራ የሳምንት ውድድር ስለሌለው ወደ ምሥራቅ የሚያስኬዳቸው በዋናነት ሻምፒዮናው ነው፤ በመከር የአገር አቋራጩ፣ በክረምት የቤት ውስጡ፣ በፀደይ የሜዳው። ሆኖም ውድድሩ በምሥራቁ 10፡00 ላይ ቢጀመር ለሰውነታቸው 7፡00 ነው፤ ከውድድሩ ሦስት ሰዓት ቀድሞ የሚበላው ምግብ ደግሞ 4፡00 ላይ ይሆናል። ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ሰውነት ለእያንዳንዱ የሰዓት ቀጠና አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል። በዋዜማው ማታ የሚደርስ ሯጭ በአልጋው ላይ ዓይኑን አፍጥጦ ያድራል። ድካሙ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ነው፤ ቡድኑ ነጥብ የሚያስመዘግቡ 5 ሯጮች ስላሉት አንዱ ሲወድቅ ሁሉም ይወድቃሉ።

ከሁሉ የሚያስቆጨው ይህ ጉዞ ለብሔራዊው ሻምፒዮና በቀጥታ የማያሳልፍ መሆኑ ነው። ኤንሲኤኤ አገሪቱን በመልክዓ ምድር ለ9 ክልል ከፍሎ ከእያንዳንዱ 2 ቡድን በቀጥታ፣ 13 ቡድን ደግሞ በምርጫ ይወስዳል። የምዕራብ ዳርቻ ቡድን የሚያልፈው ከጎረቤቶቹ ጋር ሮጦ ነው፤ ያ ውድድር የሚደረገውም ከኮንፈረንሱ ሻምፒዮና ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። በእኛ ማኅበረሰብ ሩጫ ለብዙ ልጆች የዩኒቨርሲቲ በር ነው። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ያሬድ ንጉሤ ከኖትር ዳም ቡድን ተነስቶ በፓሪስ 2024 ኦሎምፒክ በ1500 ሜትር ነሐስ አግኝቷል። ያን በር የሚያጠበው ነገር ሁሉ ያገባናል።

መውጫ የለም እንዳትሉን። የዩሲኤልኤና የዩኤስሲ የወንዶች መረብ ኳስና ዋተር ፖሎ ቡድኖች፣ ቢግ ቴን እነዚህን ስፖርቶች ስለማያካሂድ፣ ዛሬም የሚወዳደሩት በምዕራቡ የማውንቴን ፓስፊክ ስፖርት ፌዴሬሽን ውስጥ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ በሁለት ማኅበር ውስጥ መሆን እንደሚችል ከዚህ ግልጽ ነው። የጆንስ ሆፕኪንስ ላክሮስም ሆነ የኖትር ዳም የበረዶ ሆኪ፣ የተቀሩት የዩኒቨርሲቲያቸው ስፖርቶች ሌላ ቦታ ሳሉ፣ ቢግ ቴን ውስጥ ይጫወታሉ። እንቅፋቱ ኮንፈረንሱ የሚያካሂደውን ስፖርት ሁሉ እዚያው አድርጉ የሚለው ግዴታ ነው። ያንን ማሻሻል የሚችሉት ድምፅ ያላቸው አባላት ናቸው፤ እናንተም አንዷ ናችሁ።

የገንዘቡ ነገርም ያሳስበናል። ስፖርተኞች በኤንሲኤኤ ላይ የመሠረቱት ክስ የተቋጨበትና በጁን 2025 የጸደቀው የሐውስ ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች በ2025-26 የትምህርት ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞች እንዲያከፋፍሉ ፈቅዷል፤ አብዛኛው ወደ ፉትቦልና ወደ ወንዶች ቅርጫት ኳስ እንደሚሄድ ይታወቃል። ለአገር አቋራጭ የ17፣ ለመምና ሜዳ የ45 ተወዳዳሪ ጣሪያም አብሮ መጥቷል። በከፍተኛው የፉትቦል ደረጃ ለመቆየት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ቁጥር 16 ስፖርት ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ለመቀስ የተመቻቸ ነው። ስታንፎርድ በ2020 አሥራ አንድ ስፖርቶችን እንደሚዘጋ አስታውቆ በ2021 የቀለበሰው ደጋፊዎችና ስፖርተኞች ስለታገሉ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው። ከመረብ ኳስ፣ ከሶፍትቦልና ከአትሌቲክስ ጀምሮ መደበኛው ውድድር በክልል እንዲሆን፣ ወደ ምሥራቅ የሚኬደውም ለሻምፒዮናው ብቻ እንዲሆን ለኮንፈረንሱ ጥያቄ አቅርቡ፤ የጥያቄውንም ቅጂ አሳውቁን። እስከዚያው የምሥራቅ ተጋጣሚዎችን ሁልጊዜ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ በአንድ ጉዞ አጣምሩ፤ ከእሑድ ማታ በረራ በኋላ ሰኞ ከቀትር በፊት ፈተና እንዳይኖር ከመምህራን ጋር በጽሑፍ ተስማሙ፤ ፈተና የሚቆጣጠር ሰው ከቡድኑ ጋር ላኩ። ሯጮች ከውድድሩ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ቀድመው ይድረሱ፤ ከመነሳታቸው በፊትም ለሦስት ቀን መኝታቸውን በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንዲያስቀድሙ የልምምድ ሰዓቱ ይስተካከል። ለእያንዳንዱ ቡድን በየኳርተሩ ያመለጠውን የክፍል ሰዓትና ለጉዞ የወጣውን ወጪ ይፋ አድርጉ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቦርድ በዲሴምበር 2022 የዩሲኤልኤን መዛወር ሲያጸድቅ ለምግብ፣ ለትምህርት ድጋፍና ለአእምሮ ጤና ተጨማሪ ወጪ እንዲደረግ በቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል፤ ከእናንተም ከዚያ ያነሰ አንጠብቅም። ማንኛውም ስፖርት ይዘጋ ከተባለ ቢያንስ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ቀድሞ በጽሑፍ ይነገረን።

የሶፍትቦል የፀደይ ትኬት ከመቆረጡ በፊት ከዳይሬክተሩ የተፈረመ መልስ እንጠብቃለን። «ጉዳያችሁን ተረድተናል» የሚል ደብዳቤ ደርሶናል፤ አሁን የምንፈልገው የትኛው ጥያቄ በየትኛው ቀን እንደሚፈጸም፣ የማይፈጸመውም ለምን እንደማይፈጸም የሚገልጽ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የስፖርተኛ ተማሪዎች ወላጆች