60 ካርድ ልኬልሃለሁ

ወንድምዓለሜ፣ እንደምን ከርመሃል? እናትህስ? ልጆቹስ? ሁሉ ሰላም?

ሦስት ዓመት ጠፋሁብህ። አባትህ ሲያርፉ መንገዱ ዝግ ነበር፣ ኢንተርኔቱም ጠፍቶ ነበር። ስልክ ግን ይሠራ ነበር። መደወል እችል ነበር፣ አልደወልኩም። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ከዚያ ወር አለፈ፣ ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልጀምር የሚለው ራሱ እየከበደኝ ሄደ። ነፍሳቸውን ይማር። ይቅር በለኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የጎረቤቴ ልጅ አንድ የሻይ ቅጠል ካርቶንም ይሰጥሃል። ውስጡ 60 የፖኬሞን መጫወቻ ካርድ አለ። ከመክፈትህ በፊት ግን እጅህን ታጠብ። የምሬን ነው፣ ቅባት የነካው ካርድ አይጠራም።

ፋሲል ግቢ አጥር ሥር ቆርኪ ስንጫወት ትዝ ይልሃል? እኔ ኪሴ ያለውን ሁሉ አስይዤ እጫወት ነበር። አንተ ግን በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ደርድረህ፣ የቢራውን ከለስላሳው ለይተህ፣ ዝገት የነካውን ለብቻ አድርገህ፣ አንዱን እንኳ ለማስያዝ ትሳሳ ነበር። ሰብሳቢው አንተ፣ ተጫዋቹ እኔ። ይህን የካርድ ነገር ከጀመርኩ ወዲህ ያ ቆርቆሮ ከዓይኔ አልጠፋም። ምክንያቱም ይህ ጨዋታ ሁለቱንም ይፈልጋል።

አጀማመሬ እንዲህ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ለጥምቀት ከአሜሪካ የመጣው የእኅቴ ልጅ፣ 12 ዓመቱ ነው፣ ሻንጣው ውስጥ ፖኬሞን ካርድ ይዞ መጣ፣ ፖኬሞን የሚባሉ የተሳሉ ፍጡራን የሚፋለሙበት ጨዋታ ነው። ጥምቀተ ባሕር ውለን ደክሞን ስንገባ እሱ ከልጄ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ይጫወታል። ሲሄድ ሁለት ደክ ትቶላት ሄደ። ደክ ማለት ተጫዋቹ ይዞት የሚቀርበው የካርድ ጥቅል ነው። ክረምት ገባ፣ መብራት ጠፋ፣ ልጄም ሻማ አብርታ «አባዬ፣ ና እንጫወት» አለችኝ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ አልተነሣሁም።

ካርታ እንዳይመስልህ። በካርታ 52ቱ የሁላችንም ነው፣ በውዘን እናድላለን። እዚህ ሁሉም የራሱን ደክ ይዞ ይመጣል፣ ምን እንደሚገባበት የሚወስነውም ራሱ ነው። የጨዋታው ግማሽ የሚያልቀው ከመቀመጥህ በፊት ነው፣ ቤትህ ሆነህ ይህን ላስገባ ያንን ላውጣ ስትል። ይህን መንገድ የጀመረው ማጂክ የሚባለው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1993። የፈጠረው ሪቻርድ ጋርፊልድ የሒሳብ ሰው ነው፣ ስትጫወተውም ይታወቅሃል። ፖኬሞን በ1996 ጃፓን ውስጥ ተከተለ፣ ዩጊኦ ደግሞ በ1999። እኔ ለጀማሪ ፖኬሞንን እመርጣለሁ። ማጂክ ጥልቅ ነው፣ ግን ካርዱ ላይ ያለው ጽሑፍ ብዙ ነው፣ ልጅ ይሰለቸዋል።

ደንቡን ባጭሩ ልንገርህ። 60 ካርድህን ትበውዛለህ፣ ባላጋራህ ይቆርጥልሃል፣ 7 ታነሣለህ። ከእጅህ አንዱን መነሻ ፖኬሞን ፊት ታሰልፋለህ፣ እስከ 5 ደግሞ ከኋላ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ታስቀምጣለህ፣ ልክ እንደ ኳስ። ከደክህ 6 ካርድ ሳታያቸው ደፍተህ ጎን ታኖራለህ፣ የሽልማት ካርድ ናቸው። የባላጋራህን ፖኬሞን በጣልክ ቁጥር ከራስህ ሽልማት ታነሣለህ፣ 6ቱን ቀድሞ የጨረሰ አሸነፈ። ፖኬሞንህ ለመምታት ኃይል የሚባል ካርድ ያስፈልገዋል፣ በየተራህ አንድ ብቻ ነው የምታያይዘው፣ ስለዚህ ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ ዓይነት ካርድ ከ4 በላይ ማስገባት ክልክል ነው፣ ከመሠረታዊው የኃይል ካርድ በቀር። ተራህ ሲደርስ የምትስበው ካርድ ካለቀብህም ተሸነፍክ።

ፖኬሞን ሲመታ ጉዳቱ የሚቆጠርበት ምልክት ከሌለህ አትጨነቅ። እኛ ሽምብራ እንጠቀማለን፣ አንዷ ፍሬ 10 ጉዳት ናት። ጥሬውን አድርገው፣ የተቆላ ከሆነ ልጆች ይጨርሱታል። ሳንቲም ጣል የሚል ካርድ ሲመጣ የአንድ ብር ሳንቲም ይበቃል፣ አንበሳ ወይ ሚዛን። ልጄ በዚህ ጨዋታ የለመደችውን እንግሊዝኛ ብታይ ትገረማለህ፣ ካርዱ ላይ ያለውን እያነበበች ለታናሿ «ሁለት ሳብ፣ አንድ ጣል» እያለች ትተረጉምለታለች።

አሁን ወደ አንተ ነገር ልምጣ፣ ወደ መሰብሰቡ። አውቅሃለሁ፣ ሁለት ካርድ ካየህ ሁለት መቶ ትፈልጋለህ። የታሸገ ፓኬት ለመግዛት አትቸኩል። ፓኬቱ ውስጥ 10 ካርድ አለ፣ የቱ እንደሚወጣልህ ግን አታውቅም፣ ዕጣ ነው። መጫወት ከፈለግህ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ባለ 60 ደክ ግዛ፣ የጎደለህን ደግሞ ነጠላውን ፈልግ፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ስሙን ጽፈህ ላክ። ታችኛው ጥግ ላይ ያለችውን ምልክት እይ። ክብ ከሆነች ተራ ካርድ ነው፣ አልማዝ ከሆነች መካከለኛ፣ ኮከብ ከሆነች ብርቅ። ብርቅ ሁሉ ግን ጠቃሚ አይደለም፣ ክቡ ምልክት ያለበት ስንቱን ጨዋታ አሸንፎልኛል።

አንድ የቤዝቦል ካርድ እ.ኤ.አ. በ2022 በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል፣ ከመቶ ዓመት በፊት ከሲጋራ ፓኬት ጋር ይሰጥ የነበረ ካርድ ነው። ይህን ሰምተህ ገንዘብ ልታስቀምጥበት ብታስብ ግን እቆጣሃለሁ። የልጆችህን ትምህርት ቤት ክፍያ ካርድ ላይ አታውል።

ከአስመሳይ ካርድም ተጠንቀቅ። እኔ አንድ ሻጭ በኢንተርኔት ሸጦልኝ ተቃጥያለሁ። ደስ ብሎኝ ልጄን ጠራኋት። አንዱን አነሣች፣ በጣቷ ዳሰሰችው፣ ከእኛው ካርድ አጠገብ ገልብጣ አስቀመጠችው። ጀርባው ፈዛዛ ሰማያዊ ነው፣ የእኛው ጠቆር ያለ። ከዚያ የስልኩን መብራት ከኋላው አበራችና «አባዬ፣ ያሳልፋል» አለች። ትክክለኛው ካርድ መሐሉ ላይ ጥቁር ንጣፍ ስላለው እንደዚያ ብርሃን አያሳልፍም። ያን ቀን አዘንኩ፣ ከብሩ ይልቅ የእሷ ፊት ነው ያሳዘነኝ።

ለቤት ጨዋታ ብቻ ከሆነ ግን ፎቶ ኮፒ ነውር የለበትም ባይ ነኝ። እዚህ ካርድ እንደ ልብ አይገኝም። ማራኪ ግቢ ያሉት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚያስፈልጋቸውን ኮፒ አድርገው፣ በመቀስ ቆርጠው፣ ከተራ ካርድ ፊት አድርገው፣ ካርድ በሚለብሰው የፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ ይከቱታል። ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት እየተገናኘን በእሱ እንጫወታለን። መሸጥና መለዋወጥ ግን በፍጹም።

አያያዙን አደራ። ካርዱ 63 በ88 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሽፋኑ ከዚያ ትንሽ ይሰፋል፣ ሁሉንም አልብሼ ነው የላክሁልህ። በላስቲክ አትሰራቸው፣ ጠርዙን ይበላዋል። የኛን ክረምት ታውቀዋለህ፣ ሐምሌ ላይ የሚያብረቀርቁት ካርዶቼ እንደ ደረቀ ቅጠል ጎበጡ። ወረቀቱ እርጥበት ይጠጣል፣ ፊቱ ያለው የሚያብረቀርቅ ፎይል አይጠጣም፣ ስለዚህ ይጎብጣል። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት የምትጠጣ ትንሽ ከረጢት አትጣላት፣ ሣጥኑ ውስጥ ክተታት። ቡና ሲፈላ ደግሞ ካርዱ ይነሣ።

የላክሁልህ ደክ የእሳት ዓይነት ፖኬሞኖች ያሉበት ነው። የልጄ የመጀመሪያ ደክ ነው፣ ለማን እንደሚሄድ ስነግራት ራሷ ናት በካርቶን ያሸገችው። አንዱ ካርድ ጥጉ ላይ ነጣ ብሏል፣ እሱ የሻማው ማታ የተጫወትንበት ነው፣ አትለውጠው።

እሑድ ማታ 2 ሰዓት ላይ በቪዲዮ እደውላለሁ። ስልኩን ብርጭቆ ላይ አስደግፈው፣ ጠረጴዛው እንዲታየኝ። ልጅህም አጠገብህ ይቀመጥ። ሽምብራ አዘጋጁ፣ እኔ በውዤ እጠብቃችኋለሁ።

ወንድምህ
ከጎንደር