ለእንግዳ ያልተሠራ ወንበር

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አባባ፣ ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹም ደህና ናቸው፤ ጉልበትዎን ይስማሉ።

በዚህ ሳምንት በአይሱዙ የምልክልዎ ዕቃ አለ። ወንበር ነው። ደጅ የሚቀመጥ፣ ጀርባው ወደ ኋላ የሚጋደም የእንጨት ወንበር። የሠራሁት ራሴ ነኝ። ገና ከመኪናው ሳይወርድ አንድ ነገር ልለምንዎት፦ ለእንግዳ ብለው ሳሎን እንዳያስገቡት። ያ ሶፋ ላስቲኩ ሳይወልቅ ስንት ዓመት እንደኖረ አልረሳሁም።

ይህ ለእርስዎ ወገብ የተሠራ ነው። ጠዋት ጠዋት ጋቢዎን ተከናንበው አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ሳይዎት አንጀቴን ይበላኛል። የደብረ ብርሃን ድንጋይ በኅዳር ውርጭ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ለእርስዎ አልነግርዎትም።

እንጨቱ ጽድ ነው። ከየት አመጣኸው እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ጽድን፣ ዝግባን፣ ዋንዛንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ በ1986ቱ አዋጅ ተከልክሎ እንደነበርም ይነግሩኛል። አይስጉ፣ አዲስ የተቆረጠ አይደለም። እዚህ አሮጌ ቤት ሲፈርስ እንጨቱ ይሸጣል። ወራጅ ገዝቼ መሰንጠቂያ ቤት አስሰነጠቅኩት። ዕድሜውን ሙሉ ጣሪያ ሥር ሲደርቅ የኖረ ነውና ከእንግዲህ ብዙ አይጣመምም። ባሕር ዛፍ በርካሽ አገኝ ነበር። ግን ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ይሰነጠቃል። ጽድ ዝናብ ቶሎ አያበሰብሰውም፣ የአጥራችን ቋሚ ምስክር ነው። አንድ አመል አለው፤ ጫፉ ላይ ምስማር ከመቱበት ይተረተራል። ስለዚህ ሁሉንም በትራፓኖ አስቀድሜ በሳሁና በማይዝግ ቪቴ አሰርኩት። ኮላ ላይ አልተማመንኩም፤ ተራው ኮላ ውኃ ሲነካው ይለቃል።

ስለ ቅርጹ ደግሞ የሚያስቅዎት ታሪክ አለ። ፈረንጆቹ ደጅ የሚያስቀምጡት የታወቀ ወንበር አላቸው፤ አዲሮንዳክ ይሉታል። ቶማስ ሊ የሚባል ሰው ነው ያወጣው፤ በእነሱ 1903፣ ኒውዮርክ ግዛት ዌስትፖርት በምትባል ትንሽ ከተማ። ዘመዶቹን እያስቀመጠ የቱ እንደሚመች ይጠይቃቸው ነበር ይባላል። ከዚያ ለበረዶው ወራት ሥራ ይሁንህ ብሎ ለአናጺ ወዳጁ ሰጠው። አናጺው ሃሪ በኔል በ1905 የፈጠራ መብቱን በራሱ ስም አወጣበት! የሰው ነገር የትም አንድ ነው።

እኔ ግን ያን ወንበር አልወደድኩትም። ለወጣት ነው። መቀመጫው ፊት ለፊቱ ከመሬት 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ኋላው ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። አንዴ ከገቡበት ያለ ሰው እጅ አይወጡም። እርስዎ ደግሞ ደግፉኝ ከማለት ቢያድሩበት ይመርጣሉ። ስለዚህ የእርስዎን 46 አደረግኩት። በፋሲካ ሱሪ ላሰፋልዎት ብዬ ጉልበትዎን የለካሁት ለዚህ ነበር። (ሱሪውም ይመጣል።) የክንድ ማሳረፊያው ሰፊ ነው፤ ወደ ፊት ወጣ ያለ ነው። ሲነሱ ሁለቱን ጫፎች ይያዙና ይግፉ፣ ብቻዎን ይነሳሉ። የቡና ስኒም ያስቀምጣል።

ጀርባው በማጠፊያ የተያዘ ነው። ከኋላ ድጋፍ አለው፤ የድጋፉ እግር ሦስት ጥርሶች ላይ ይቀመጣል። ፊተኛው ጥርስ ቀጥ ብሎ ለመቀመጥ ነው፣ መካከለኛው ለወሬ፣ መጨረሻው ለእንቅልፍ። የኋላ እግሮቹን ወደ ኋላ አስረዝሜያቸዋለሁ። ጀርባው ሲጋደም ክብደቱ ሁሉ ወደዚያ ስለሚሄድ አለዚያ ይገለበጥ ነበር። አደራ፣ ጥርሱን ተቀምጠው አይቀይሩ። መጀመሪያ ይነሱ፣ ከዚያ ይቀይሩ።

ጣውላዎቹ መካከል ክፍተት ሲያዩ ጎደለው እንዳይሉኝ፤ ዝናቡ እንዲወርድበት ነው። እግሮቹም ከሥር ውኃ እንዳይጠጡ ለእያንዳንዱ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያስደርጉለት።

አንድ ጠርሙስ የተልባ ዘይት አብሬ ልኬያለሁ። ክረምቱ ወጥቶ እንጨቱ ሲደርቅ ያስቀቡት፣ ትርፉን በጨርቅ ያስጠርጉ። ጨርቁን ግን ጨምድደው ጥግ እንዳይጥሉት። ያ ዘይት ሲደርቅ ይግላል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ደጅ ዘርግተው ያድርቁት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡበት የሚል ጎረቤት አይጠፋም፤ እሱ ለአጥር ቋሚ ይሁን። ወንበር ላይ ጋቢዎን ያጠቁርብዎታል። ከጊዜ በኋላ እንጨቱ ፀሐይ ሲመታው ግራጫ ይሆናል። መልኩ ነው እንጂ ጤናው አይጓደልም።

የእማዬን ገና አልጀመርኩም። እሷ ከእርስዎ ስለምታጥር በዚህ ልክ ከሠራሁላት እግሯ ይንጠለጠላል። በርጩማ ላይ ያስቀምጧትና ከተረከዟ እስከ ጉልበቷ ማጠፊያ በክር ለክተው ክሩን በዚያው አይሱዙ ይላኩልኝ። ምንም አያስፈልገኝም ትልዎታለች። አይስሟት።

ልጅዎ