የፎቶው ግርጌ ጽሑፍ ይታረምልኝ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በአፀደ ሕፃናት ስለሚሰጠው የእንግሊዝኛ ትምህርት ባለፈው ዕትማችሁ ያወጣችሁትን፣ በጥያቄና በምርመራ ማስተማር ከመዲናዋ ውድ ትምህርት ቤቶች ገና አልወጣም፣ የጅማ ልጆችም እንግሊዝኛ ሲናገሩ አልተሰሙም የሚለውን ሰፊ ዘገባ አንባቢዎቻችሁ አይተውታልና ሐተታውን ሁሉ አልደግመውም። የምጽፈው ስለ አንድ ፎቶግራፍ፣ ይልቁንም ከፎቶግራፉ ሥር ስለተጻፉት አራት ቃላት ነው፤ «የጅማ ሕፃናት በእረፍት ሰዓት»። ውኃ የተሞላ ሰማያዊ ሳፋ ከብበው የሚታዩት ሕፃናት ተማሪዎቼ ናቸው። በፎቶው ጠርዝ ተቆርጦ የቀረው ክንድ ደግሞ የእኔ ነው። ፎቶው የተነሣው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ነው፤ እረፍት የምንወጣው አራት ሰዓት ላይ ነው። የክፍለ ጊዜው ሰሌዳ ከሳፋው በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ በዚያው ፎቶግራፍ ውስጥ ስለሚታይ፣ ዘጋቢያችሁ የገዛ ሥራቸውን ትንሽ አጉልተው ቢያዩት ኖሮ እኔም ይህን ለመጻፍ ባልተነሣሁ ነበር።

በዚያ ጠዋት የሆነው እንዲህ ነው። ወሩ ኅዳር፣ የቡና ለቀማ ወቅት ነበርና ከእናቴ ጓሮ ቀይ እሸት ቡና፣ ካለፈው ዓመት የተረፈ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ እና ጥቂት ጠጠር ይዤ መጣሁ። ለልጆቹ ያቀረብኩት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ የትኛው ይሰምጣል፣ የትኛው ይንሳፈፋል? መጀመሪያ በአፋን ኦሮሞ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ከጠየቅኳቸው በኋላ፣ እያንዳንዱን ፍሬ ከመጣላቸው በፊት ግን «ሲንክ? ፍሎት?» እያልኩ እጄን ዝቅና ከፍ አደርጋለሁ። ልጆቹ በእጃቸው ይገምታሉ፤ ይጥላሉ፤ ያያሉ። እሸቱ ሰመጠ፣ ጀንፈሉ ተንሳፈፈ፣ ሁሉም ነገር እንዳቀድኩት ሄደ። ከዚያ አንድ ቀይ እሸት ከውኃው ላይ አልወርድ አለ። አንዱ ልጅ በጣቱ ቢጫነውም ተመልሶ ብቅ ይላል። «ማሊፍ?» አለኝ፤ ለምን ማለቱ ነው። እኔም አልመለስኩለትም፤ ፈልቅቀን አብረን አየነው። ከውስጡ አንደኛው ፍሬ በተባይ ተበልቶ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚሠራ የአንዱ ልጅ አባት በማግስቱ ሲሰማ ሳቀና፣ እኛም የተንሳፈፈውን እየገፈፍን የምንለየው ለዚሁ ነው አለን። ከመስከረም ጀምሮ በእንግሊዝኛ አንድም ቃል ያልወጣት ልጅ «ፍሎት! ፍሎት!» እያለች የጮኸችውም በዚያች በተባይ በተበላች ፍሬ የተነሣ ነው። በዚያች ደቂቃ ዘጋቢያችሁ በሩ ላይ ቆመው የዘንድሮ ጀንፈል ዋጋ ስንት እንደ ገባ ዘበኛችንን ይጠይቁ ነበር። በዚያ ጠዋት በክፍሌ ያልጠየቀ ሰው አልነበረም ማለት ነው፤ እኔን የጠየቀኝ ብቻ ጠፋ።

ጋዜጣው ጅማ በደረሰ በማግስቱ አንዲት እናት ገጹን አጥፈው ይዘው መጡ። «መምህርት፣ እኔ የምከፍለው ውኃ ሲያንቦራጭቅ እንዲውል ነው?» አሉኝ። ርእሰ መምህራችንም ደግ ሰው ናቸውና በለሆሳስ፣ ለጊዜው ሳፋውን ወደ ጎን አድርገን ወደ ፊደል ቆጠራው ብንመለስ ይሻላል አሉኝ። ሳፋውን የገዛሁት ከራሴ ኪስ ነው። በዚህ ሙያ አሥራ አራት ዓመት ቆይቻለሁ፤ ስሜ በጋዜጣ እንዲወጣ ለምኜ አላውቅም፣ አሁንም አልለምንም። ነገር ግን ክንዴ ከወጣ ላይቀር ምን እየሠራ እንደነበር ቢነገርለት መልካም ነበር።

ዘገባው በጥያቄና በምርመራ የሚመራ ትምህርት በቅርቡ ከውጭ የገባ፣ ከመዲናዋ ውድ ትምህርት ቤቶች ገና ያልወጣ አዲስ ዘዴ ነው ይላል። አሜሪካዊው ፈላስፋና የትምህርት ምሁር ጆን ዱዊ ልጆች እየሠሩና እየጠየቁ የሚማሩበትን የሙከራ ትምህርት ቤት በቺካጎ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1896 ስለሆነ፣ «በቅርቡ» የሚለው ቃል በዝግጅት ክፍላችሁ ዘንድ ሰፋ ያለ ትርጉም ሳይኖረው አልቀረም። ያ ሁሉ ዘመን አልፎ ዘዴው አሁን አዲስ አበባ ከደረሰ፣ ጅማ ያለችው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ብቻ ነውና የቀረውን መንገድ በጥቂት ዓመታት ይጨርሰዋል ብለን ተስፋ እናድርግ።

በምሳሌነት የተሞገሰው ክፍል ሕፃናቱ «ኤ ፎር አፕል» እያሉ በኅብረት የሚያዜሙበት ነው። ፖም በሚበቅልባት በጨንቻ ላሉ ልጆች ቅርብ ፍሬ ነው፤ ከተማሪዎቼ አብዛኞቹ ግን በሥዕል እንጂ በእጃቸው ይዘውት አያውቁም። ስለማያውቁት ነገር ደግሞ ሕፃን ምን ብሎ ይጠይቃል? ዜማውን አልጠላም፤ እኔም አዜማለሁ። ዜማውን ምርመራ ብሎ፣ ምርመራውን ደግሞ እረፍት ብሎ መጻፍ ግን ነገሩን መገልበጥ ነው።

በጅማ ያሉት ልጆች «እንግሊዝኛ ሲናገሩ አልተሰሙም» የተባለውም እውነት ነው፤ ያልተጻፈው ምክንያቱ ነው። ሕፃን ሁለተኛ ቋንቋ ሲጀምር ከመናገሩ በፊት ለወራት ሊያደምጥ ይችላል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄምስ አሸር ቋንቋን ከእንቅስቃሴ ጋር አያይዞ የማስተማር ዘዴውን የመሠረተው፣ ልጅ አፉን ሳይከፍት በአካሉ ይመልሳል በሚለው ሐሳብ ላይ ነው። እጁን ዝቅ ያደረገ ልጅ «ሲንክ» የሚለውን ቃል ተረድቷል። ምርመራውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ማካሄዴም ድክመት ተደርጎ ቀርቧል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንኳ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ እንጂ የልጆቹን ቋንቋ እንዲተካ አላለም። የአምስት ዓመት ልጅ «ለምን» የሚለውን ገና በማያውቀው ቋንቋ ጠይቅ ከተባለ፣ የሚተወው ቋንቋውን ሳይሆን መጠየቁን ነው።

ዘጋቢያችሁን በሁሉም ነገር አልወቅስም። በከተማችን ብዙ የአፀደ ሕፃናት ክፍሎች ከመቁጠርና ከማስደገም አለማለፋቸው እውነት ነው፤ እኔም ልጆቹ ሲበዙብኝ፣ ውኃም ሲጠፋ ወደዚያው የምመለስባቸው ቀናት አሉ። ይህን ቢጽፉት ኖሮ አልከፋም ነበር።

ስለዚህ የግርጌ ጽሑፉ በዚያው ገጽ ላይ፣ በዚያው መጠን፣ «በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ» ተብሎ እንዲታረም እጠይቃለሁ። ፎቶውንም አብራችሁ ብታወጡት እመርጣለሁ፤ ቆርጬ የምሰጣቸው እናት አሉ፣ ሳፋውም እስከዚያ ድረስ ከቁም ሳጥኑ ላይ ተደፍቶ ይቆያል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የአፀደ ሕፃናት መምህርት፣ ጅማ